አጣናው ሲደርቅ፦ የበረንዳ መደገፊያ አሠራርና የእንጨት ጠባይ በመሐል ሜዳ

በየካቲት ወር አጋማሽ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ ዳገት ላይ ወደ ተሠራ አንድ ባለ ደርብ ቤት ተጋብዘን ነበር። ምድር ቤቱ በድንጋይ የተገነባ፣ ደርቡ በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ ከፊቱም ወደ ቁልቁለቱ የወጣ፣ በሳንቃ የተነጠፈ በረንዳ ያለው ቤት ነው። ባለቤቱ በኩራት ያሳዩን ይህንኑ በረንዳ የከበበውን መደገፊያ ነበር። ልጣጩ ብቻ ተነሥቶ ክብነቱን እንደ ያዘ ከባሕር ዛፍ አጣና የተበጀ፣ ለዓይን እጅግ የሚያምር ሥራ ነው። ከመካከላችን አንዱ ክንዱን ሊያሳርፍ ሲጠጋ ግን ቋሚው ወደ ውጭ ሸሸ፤ የላይኛው አግዳሚም በጉድጓዱ ውስጥ እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ። ከበታች ያለው ድንጋያማ ግቢ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ይርቃል።

"ምን አገኘው ልጆቼ? በመስከረም ሲሠራ እኮ ንቅንቅ አይልም ነበር፤ ምስማሩም ሙሉ ነው" አሉ አባወራው ተደናግጠው።

እውነትም ምስማሩ ሙሉ ነበር። አንድም እንጨት አልተሰበረም፤ አልበሰበሰም፤ ነቀዝም አልነካውም። ታዲያ በአምስት ወር ውስጥ ምን ተለወጠ? በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄያቸው መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። በየከተማው አናጢዎች "ኮሪማኖ" የሚሉት ይህ የእጅ መደገፊያ ከክብ እንጨት ሲሠራ ምን ዓይነት መሣሪያና ምን ዓይነት ዘዴ እንደሚጠይቅም አብረን እንመለከታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እንጨቱ ውስጥ ስላለው ውኃ

አሁን የተቆረጠ ዛፍ ከክብደቱ ብዙ ድርሻ የሚይዘው ውኃ ነው። የእንጨት ባለሙያዎች የእርጥበቱን መጠን የሚገልጹት ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር በማነጻጸር ነው። ለምሳሌ አንድ ቁራጭ ሲቆረጥ 640 ግራም መዝኖ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ 400 ግራም ቢሆን፣ የወጣው ውኃ 240 ግራም ስለ ሆነ እርጥበቱ 60 በመቶ ነበር ማለት ነው። ይህ ስሌት አንዳንድ ጊዜ ከ100 በመቶ በላይ ውጤት ሲሰጥ አንባቢ ሊገረም አይገባም፤ ውኃው ከእንጨቱ ሊከብድ ይችላልና።

ይህ ውኃ ግን በሁለት ቦታ የተቀመጠ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት በውኃ የተሞላ እንስራን እናስብ። ውኃው ሲገለበጥ እንስራው ይቀልላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። ሸክላ ሠሪዋ ገና ስትሠራው በጭቃው ውስጥ የነበረው እርጥበት ሲደርቅ ግን እንስራው ራሱ ይኮማተራል። እንጨትም እንዲሁ ነው። በሕዋሶቹ ባዶ ቦታ የሞላው ውኃ አስቀድሞ ሲወጣ አጣናው ይቀልላል፤ ውፍረቱ ግን አይቀንስም። እርጥበቱ ከ28 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ ባዶው ቦታ ያለቀ ይሆናል፤ ከዚህ በኋላ የሚወጣው በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው ውኃ ነው። መኮማተር የሚጀምረው ከዚህ ነጥብ በታች ነው። አባወራው በመስከረም ያዩት ጥንካሬ እንግዲህ ገና መኮማተር ያልጀመረ እንጨት ጥንካሬ ነበር።

መኮማተሩ የት ላይ ይቆማል? የሚቆመው በዙሪያው ካለው አየር ጋር ሲመጣጠን ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን እንጨት ወደ 16 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ አየሩ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ እንጨቱም ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ጉምና ዝናብ፣ በጋዋ ደረቅ ነፋስ፣ ጠራራ ፀሐይና የሌሊት ውርጭ የሆነባት ከተማ ናት። ስለዚህ በክረምት ማብቂያ የተቆረጠ አጣና ወደ ጥርና የካቲት ሲደርስ ከባድ ለውጥ ያያል። በተለይ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠ የበረንዳ እንጨት ከቤት ውስጥ ቋሚ ይልቅ ቶሎ ቶሎ እየደረቀና እየራሰ ይኖራል።

ሦስት አቅጣጫ፣ ሦስት ልክ

እንጨት በሁሉም በኩል እኩል ቢኮማተር ኖሮ ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። ከእምብርቱ ወደ ልጣጩ በሚወስደው መስመር የሚኮማተረው፣ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ ከሚኮማተረው ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህል ነው። በቁመቱ አቅጣጫ ደግሞ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ብቻ ስለሚኮማተር ከቁጥር አይገባም። ነጭ ባሕር ዛፍ ከብዙ ዛፎች የበለጠ ይኮማተራል፤ ለስሌት እንዲመቸን ከሙሉ እርጥበት እስከ ፍጹም ድርቀት በቀለበቶቹ ዙሪያ 10፣ ከእምብርት ወደ ውጭ 5 በመቶ እንበል። ከ30 ወደ 12 በመቶ እርጥበት መውረድ የዚህን ስድስት አሥረኛ ማለት ነውና መኮማተሩ 6 እና 3 በመቶ ይሆናል።

እስቲ ይህን ወደ አባወራው በረንዳ እንውሰደው። አግዳሚው አጣና ጫፉ እንደ ምላስ ተጠርቦ በቋሚው ውስጥ በተቦረቦረ ክብ ጉድጓድ ገብቷል። የምላሱ ዲያሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሲደርቅ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ጉድጓዱም በደረቀው ቋሚ ላይ ያለ ስለሆነ አብሮ ይጠባል ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን የጉድጓዱ ከላይ ወደ ታች ያለው ልክ በቋሚው ቁመት አቅጣጫ የሚውል ነው፤ በቁመት ደግሞ እንጨት አይኮማተርም ብለናል። ስለዚህ ጉድጓዱ በጎኑ ሲጠብ ከላይ ወደ ታች 5 ሳንቲ ሜትር እንደ ሆነ ይቀራል። ምላሱ ግን በሁሉም ጎኑ ከስቷል። አግዳሚው ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘው በዚህ ምክንያት ነው። አናጢው አልሰነፈም፤ ምስማርም አላነሰም።

በክብ እንጨት ላይ የሚታየው የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅም ከዚሁ ይመነጫል። ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አጣና ዙሪያው 31.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ዙሪያው በ6 በመቶ ሊያጥር ይፈልጋል፤ ወርዱ ግን በ3 በመቶ ብቻ ስለሚቀንስ አይፈቅድለትም። የ3 በመቶው ልዩነት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም በአንድ ሰፊ ስንጥቅ ወይም በብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ይገለጣል። ስንጥቅን መከልከል እንግዲህ አይቻልም። የት እንደሚወጣ መምረጥ ግን ይቻላል፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

ምን ዓይነት እንጨት?

መንዝ እንጨት የበዛበት አገር አይደለም። የድንጋይ ቤትና የጓሳ ሣር ክዳን ባህል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጓሳን ሜዳ ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት በጋራ ሲጠብቀው የኖረውም ሣሩም እንጨቱም ውድ በመሆኑ ነው። በሜዳው የሚበቅለው አስታ ለመደገፊያ የሚበቃ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር እጁን እንዲሰበስብ እንመክራለን፤ አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ የአፈሩም መከላከያ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ጽድ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተመረጠ ነው፤ መኮማተሩ አነስተኛ፣ ቀዩ የውስጥ እንጨቱም ፈንገስንና ነፍሳትን የሚቋቋም ነው። ሆኖም ዛሬ በብዛት የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ስለሆነ፣ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ቋሚ ያገኘ ሰው ለምድጃ እንዳያውለው አደራ እንላለን። ለዐሥርት ዓመታት በጣሪያ ሥር የደረቀ እንጨት በየትኛውም ዘዴ ቶሎ የማይገኝ ሀብት ነው።

የቀረን እንግዲህ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በዋጋም በብዛትም የሚወዳደረው የለም፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ቆሞ ሳለ የግንዱ ውጫዊ ክፍል የተወጠረ፣ ውስጡ የታመቀ ስለሆነ ገና ሲቆረጥ ጫፉ ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ ከሚፈለገው ቁመት በእያንዳንዱ ጫፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር አስበልጦ ቆርጦ፣ ከደረቀ በኋላ የተሰነጠቀውን ማስወገድ ይገባል። ሁለተኛው ጉዳይ የቃጫው መጠማዘዝ ነው። ልጣጩ ሲነሣ በገላው ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ቀጥ ብለው ቢወርዱ መልካም ነው፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን የሚዞሩ ከሆነ ግን የእንጨቱ የመጉበጥ ጥንካሬ ወደ ግማሽ ይጠጋል። እንዲህ ያለው አጣና ለማገር ይሁን፤ ለሰው ክንድ መደገፊያ ግን አይሁን።

መላጥ፣ መሰንጠቅ፣ ማድረቅ

ልጣጩ በተቆረጠበት ዕለት ወይም በማግስቱ መነሣት አለበት። በዕድገት ወቅት ላይ ያለ ዛፍ ልጣጭ በእጅ ሲሳብ እንኳ ይወጣል፤ ከሰነበተ ግን ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ይደርቅና ውኃንም ነቀዝንም ይሸሽጋል። በገጀራ ወይም በመጥረቢያ መላጥ የተለመደ ቢሆንም ስለቱ ወደ ውስጥ እየገባ ገላውን ይቆርጣል፤ እያንዳንዱ ቁስል ደግሞ በኋላ ውኃ የሚቋጠርበት ኪስ ነው። በሌሎች አገሮች የክብ እንጨት ሠራተኞች የሚጠቀሙት፣ በሁለቱ ጫፎቹ እጀታ ያለውና ወደ ራስ የሚሳብ ረጅም ስለት ነው። ይህን መሣሪያ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ማንኛውም ጎበዝ ቀጥቃጭ ሊሠራው ይችላል። (ሥራቸውን በየዕለቱ እየፈለግን ቀጥቃጮችንና ሸክላ ሠሪዎችን ለዘመናት ዝቅ አድርገን ማየታችን ምን ያህል መሣሪያ እንዳሳጣን የሚያጠና ቢገኝ ደስ ይለናል።) የስለቱ ጠርዝ በአንድ ወገን ብቻ ይሞረድ፤ ሁለቱም እጆች ከስለቱ ወዲያና ወዲህ ባሉት እጀታዎች ላይ ስለሚውሉ ከመጥረቢያ ይልቅ ለጣት የተሻለ ደኅንነት አለው። አጣናው እንዳይሽከረከር ግን በሁለት ባላ እንጨቶች ላይ ታስሮ መያዝ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ስንጥቅ የገባነውን ቃል እንፈጽም። ለአግዳሚነት በታሰበው እርጥብ አጣና ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቀጥተኛ መስመር፣ ጥልቀቱ እምብርቱን የሚነካ አንድ የመጋዝ ቁራጭ ይወጣበታል። እንጨቱ ሲደርቅ ዙሪያው የሚያጥርበት ቦታ ስላገኘ ይህ መስመር ብቻ ይሰፋል፤ የቀረው ገላ ከሞላ ጎደል ሳይሰነጠቅ ይቆያል። ጃፓናውያን አናጢዎች ለቤት ምሰሶዎቻቸው ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ሲገጠም መስመሩ ወደ መሬት እንዲያይ ይደረጋል። ወደ ላይ ካየ የዝናብ ቦይ ይሆናል፤ ወደ ጎን ካየም የልጅ ጣት ይይዛል። ምላስ ሆነው በሚጠረቡት ሁለት ጫፎች ላይ ግን አንድ አንድ ስንዝር ሳይሰነጠቅ መተው ይሻላል።

ማድረቂያው ቦታ ጥላና ነፋስ ያለው፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ ያለ መሆን አለበት። አጣናዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በየድርቡ መካከል ቀጫጭን እንጨት ይጋደምባቸዋል። ጫፎቹ ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥነው ስለሚደርቁ በሰም ወይም በዘይት ቀለም ይሸፈኑ። በመንዝ የአየር ጠባይ በጥቅምት የተደረደረ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር አጣና ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ያስፈልገዋል። መድረቁን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። ከመካከላቸው አንዱን ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ በገበያ ሚዛን መመዘን ነው፤ ክብደቱ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ካልቀነሰ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል።

ደረቅ አግዳሚ፣ ለስላሳ ቋሚ

አሁን ወደ ግጥሚያው ደርሰናል። ከላይ የተመለከትነው ጠባይ ጠላት ብቻ ሳይሆን አገልጋይም ሊሆን እንደሚችል የወንበር ሠሪዎች ልምድ ያስተምረናል። አግዳሚዎቹ በደንብ ደርቀው፣ ቋሚዎቹ ግን አንድ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብለው፣ ትንሽ እርጥበት እንደ ያዙ ይገጣጠማሉ። ቋሚው በኋላ ሲደርቅ ጉድጓዱ በጎኑ እየጠበበ ደረቁን ምላስ ይነክሰዋል፤ ምላሱ ደግሞ አስቀድሞ ስለ ከሳ ከላይና ከታች ክፍተት አይፈጥርም። ቋሚው ፈጽሞ እርጥብ ከሆነ ግን ንክሻው በርትቶ ጉድጓዱ ላይ ሊተረትረው ስለሚችል ልኩን መጠበቅ ይገባል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሜትር፣ ሲባጎ፣ ቱንቢ፣ ውኃ ልክ፣ መጋዝ፣ ስለቱ የተሳለ መሮ፣ የእንጨት መዶሻና መሰርሰሪያ ናቸው። የምላሱን ክብነት ለማስተካከል የሚያገለግል አንድ ቀላል ብልሃት አለ። ውስጡ ከመሰርሰሪያው ወርድ ጋር እኩል የሆነ የጣት ርዝመት ያህል የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ይፈለግና የውስጥ ገጽታው በከሰል ይቀባል። ምላሱ በመሮና በመላጊያ ከተጠረበ በኋላ ቧንቧው ተጭኖ ዞር ዞር ይደረጋል፤ የጠቆረው ቦታ ገና ያልተነካ ትርፍ ነው። ያን ብቻ እየፋቁ መድገም ነው። ቧንቧው ጠበቅ ብሎ እስከ ሥሩ ሲገባ ምላሱ ልኩን አግኝቷል። በውጭ አገር ለዚሁ በመሰርሰሪያ ላይ የሚገጠም መቁረጫ ይሸጣል፤ ፈጣን ነው፤ ውጤቱ ግን ከዚህ የተለየ አይደለም።

10 ሳንቲ ሜትር በሚወፍር ቋሚ ላይ የጉድጓዱ ወርድ ከ4 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ ጥልቀቱም ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ምላሱ ከገባ በኋላ ከቋሚው ጎን አንድ ቀዳዳ ተበስቶ የደረቀ የወይራ ችንካር ይመታበታል። ምስማር መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ደረቅ ባሕር ዛፍ በቀላሉ ስለሚተረተር ከምስማሩ ቀጠን ያለ ቀዳዳ አስቀድሞ መብሳት ያስፈልጋል። ምስማርን ግን ለዋናው ጭነት ባንተማመንበት እንወዳለን፤ እንጨቱ በየክረምቱ እያበጠ በየበጋው እየከሳ ቀስ በቀስ ይገፋዋልና።

ቋሚው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ

የብዙ መደገፊያዎች ውድቀት የሚመጣው ከዚህ ቦታ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን። በአንዳንድ አገሮች የሕንፃ ደንብ የመኖሪያ ቤት መደገፊያ በአናቱ ላይ ወደ ውጭ 900 ኒውተን ገደማ የሚገፋ ኃይል እንዲችል ይጠየቃል። ይህም ከ90 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው፤ የደነገጠ ወይም የተንገዳገደ አንድ ጎልማሳ በቀላሉ ያደርሰዋል። መደገፊያው 1 ሜትር ቢረዝም ኃይሉ በቋሚው እግር ላይ የሚያሳድረው የማጉበጥ ጫና፣ መሐንዲሶች "ሞመንት" የሚሉት፣ 900 ኒውተን ሜትር ይሆናል። 10 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ሙሉ ክብ ቋሚ ላይ ይህ ጫና 9 ሜጋ ፓስካል ያህል ውጥረት ይፈጥራል። የቅርንጫፍ ጉብታው፣ ስንጥቁና ዕድሜው ሁሉ ታስቦ ለገበያ አጣና ከ10 እስከ 15 ሜጋ ፓስካል ገደብ ቢያዝ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ሙሉው ቋሚ እንግዲህ ይበቃል። 8 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረው ግን 18 ሜጋ ፓስካል ይደርስበታል፤ አይበቃም። በ2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ጫናው እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የክብ እንጨት ጥንካሬ ከዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ጋር የሚሄድ ነውና።

ነገር ግን አናጢዎች ቋሚው ከወለሉ ጠርዝ ወራጅ ጋር ተለጥፎ እንዲቀመጥ እግሩን በግማሽ መጥረብ ይወዳሉ። ሥራው ንጹሕ ሆኖ ይታያል። የአባወራውም መደገፊያ እንዲሁ ነበር። ግማሹ እንጨት ከቀረ ግማሹ ጥንካሬ የቀረ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። የ10 ሳንቲ ሜትር ክብ የመጉበጥ ጥንካሬ ልክ 98 ኩብ ሳንቲ ሜትር ሲሆን የግማሽ ክቡ 24 ብቻ ነው። በግማሽ የተጠረበው ቋሚ የቀረለት ሩብ ጥንካሬ ነው። ውጥረቱ ወደ 38 ሜጋ ፓስካል ያሻቅባል፤ ያውም የማጉበጡ ጫና ከሁሉም በሚበረታበት ቦታ ላይ። በአንጻሩ ለአግዳሚው ምላስ የሚበሳው 4 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ በእንጨቱ መካከል፣ ውጥረት በሌለበት ዘንግ ላይ ስለሚውል የሚያጎድለው ዐሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከአንድ እንጨት ላይ የት እንደሚቀነስ፣ ምን ያህል ከሚለው ይበልጣል።

ስለዚህ ቋሚው አይጠረብ፤ ወይም ገጹ ከጣት ውፍረት በላይ አይነካ። ይልቁንም በወራጁና በቋሚው መካከል፣ አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ሌላው ወገኑ የቋሚውን ክብነት የሚቀበል ጎድጓዳ የሆነ የእንጨት መቀመጫ ይግባ። ማሰሪያው በወራጁ አልፎ የሚወጣ ብሎን ነው፤ ሰፊ ራንዴላና ዳዶ ይኑረው። የብሎኖቹ ርቀት ደግሞ ሌላው ምስጢር ነው። ሁለቱ ብሎኖች በ15 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ከመደገፊያው አናት የመጣው 900 ኒውተን በላይኛው ብሎን ላይ 6,900 ኒውተን ይሆናል፤ 700 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ተንጠልጥሎበታል ማለት ነው። ርቀታቸውን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ብናሰፋ ወደ 3,900 ይወርዳል። ይህ ግን ወራጁ ራሱ እንዳይገለበጥ ወደ ቤቱ ውስጥ ከሚዘልቁት አግዳሚ ተሸካሚዎች ጋር በደንብ ሲታሰር ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚልቅ መፍትሔ በአሮጌ ቤቶች ላይ አለ። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም እንደ ሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ያሉትን የቀድሞ መኖሪያዎች የጎበኘ ሰው የእንጨት በረንዳዎቻቸውን ያስታውሳል። በእንዲህ ዓይነት አሠራር ጣሪያው በረንዳውን ይሸፍናል፤ የበረንዳው ቋሚም ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው ይደርሳል። ጣሪያው ከወለሉ 2.4 ሜትር ከፍ ቢል፣ ያው 900 ኒውተን ግፊት ለሁለት ይከፈላል፦ 525 ከታች፣ 375 ከላይ። ቀድሞ 6,900 ኒውተን ሲጎትተው የነበረው የእግሩ ማሰሪያ አሁን የሚቀበለው 525 ኒውተን ነው። የማጉበጥ ጫናውም ከ900 ወደ 525 ኒውተን ሜትር ይወርዳል። ጣሪያው በዚያው ላይ እንጨቱን ከዝናብና ከፀሐይ ይጋርደዋል። በመንዝ በረንዳ ለሚሠራ ሰው የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ለመልክ ሲባል አናቱ ክፍት የሆነ በረንዳ መሥራት ለዚህ ከፍታ የሚስማማ አይመስለንም።

በቋሚዎቹ መካከል 2 ሜትር ቢተው 8 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር አግዳሚ በ900 ኒውተን ጭነት መካከሉ ላይ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጎብጣል። 3 ሜትር ከተተወ ግን ጉብጠቱ 25 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ልጆች

ቁመቱ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ይሁን። በቋሚዎቹ መካከል የሚሞሉት ቀጫጭን እንጨቶች በቁም ይደርደሩ እንጂ አይጋደሙ፤ የተጋደመ እንጨት ለልጅ መሰላል ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት 10 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፤ ብዙ አገሮች ይህን ልክ የመረጡት የሕፃን ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ እንዳይያዝ ብለው ነው። የክብ እንጨት ውፍረት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስላልሆነ ክፍተቱ የሚለካው ከሁሉ በሰፋበት ቦታ ነው። ቀጭኑን ጫፍ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች እያፈራረቁ መደርደር ልዩነቱን ያቻችላል።

ስለ ቅባት

የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በአገራችን የተለመደ ነው። ለአጥር ቋሚ ቢሆን እንኳ ወደ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ በእጅ ለሚነካ መደገፊያ ደግሞ የብረት ቅንጣትና ጎጂ ዝቃጭ ያለው ስለሆነ ፈጽሞ አይመከርም። ለመብራትና ለስልክ ምሰሶ የሚውለው ከመዳብ፣ ከክሮምና ከአርሴኒክ የተቀመመው መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ አሜሪካውያን ለመኖሪያ ቤት በረንዳ መጠቀሙን በ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አቁመዋል።

በመንዝ የሚዘራው ተልባ የተሻለ መድኃኒት ይሰጠናል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚጠነክር ዘይት ነው። በቀጭኑ ተቀብቶ ትርፉ ሲወለወል፣ ከደረቀም በኋላ ሲደገም፣ ውኃ ወደ እንጨቱ የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። የተወለወለበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በውህደቱ ሙቀት ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም በውኃ ይነከር። ዘይቱ ፀሐይን አይከለክልም። በየ1,000 ሜትር ከፍታው የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በመሐል ሜዳ ያለ እንጨት በባሕር ዳርቻ ካለው ቀድሞ ይሸብታል። ሽበቱ የገጽታ ብቻ ነውና አያሳስብም። የሚያሳስበው የቋሚው አናት ነው፤ ቃጫው ወደ ሰማይ የተከፈተ ስለሆነ ውኃን እንደ ክር ይጠጣል። አናቱ ተዳፋት ሆኖ ይቆረጥ፤ ወይም የቆርቆሮ ክዳን ይልበስ።

ወደ አባወራው እንመለስ። መደገፊያቸው መፍረስ አላስፈለገውም። እንጨቱ አሁን ደርቋል፤ መኮማተሩንም ከሞላ ጎደል ጨርሷል፤ ለጥገና ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። በላሉት ምላሶች ጫፍ ላይ በመጋዝ አንድ አንድ መስመር ተሰንጥቆ የደረቀ የወይራ ሽብልቅ እንዲገባ ተደረገ፤ ሽብልቁም ከላይና ከታች ያለውን ክፍተት እንዲሞላ ተጋድሞ ተመታ። በግማሽ የተጠረቡት አራት ቋሚዎች ወጥተው በእነርሱ ምትክ እስከ ጣሪያው ጠርዝ የሚደርሱ ሙሉ አጣናዎች ቆሙ፤ ለዚህም ጣሪያው በሁለት ክንድ ያህል መርዘም ነበረበት። ብሎኖቹ ሲጠብቁ አባወራው በሁለት እጃቸው ይዘው ደጋግመው ገፉት። ከዚያም ቁልፉን ተቀብለው፣ በሚቀጥለው ጥር ዳዶዎቹን ራሳቸው እንደሚያጠብቁ ነገሩንና ከበሩ ጀርባ ሰቀሉት።